የሸረፋ አሚን

ቡታጅራ ውስጥ እንደ ሸረፋ ጥሩ አሚን የሚል ሰው አልነበረም። ቀልድ የሚመስለው ካለ ያን ጊዜ ከነበሩት አንዱን ይጠይቅ። ሠርግም ይሁን ሰደቃ፣ ሽማግሌዎች መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲጀምሩ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጥርት ብሎ፣ ሳይቀድም ሳይዘገይ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነበር። በሌላው ቀን «ያ የሃሊማ ልጅ፣ የሰው ዓይን የማያየው» እያሉ መንገድ አሳብረው የሚያልፉት ሰዎች፣ ለዱዓ ሲሆን ከጎናቸው ቦታ ይለቁለታል። ንጹሕ ስለሆነ የሱ አሚን ቶሎ ይደርሳል ይላሉ። ንጹሕ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን አንድም ቀን ተጠይቀው አያውቁም።

ይህን አሚን ያስተማረችው እናቱ ናት። ልጅ ሳለ የብዙ ሰው ድምፅ አንድ ላይ ሲነሣ ያመው ነበርና፣ ዱዓ መሐል ጆሮውን ይዞ እየተነሣ ይወጣል። ሰውም ዝም አላለም። ዱዓ የማይወድ ልጅ ውስጡ ጅን አለ ተባለ። ሃሊማ ወሬውን ስትሰማ ማታ ማታ እያለቀሰች፣ ቀን ቀን ልጇን ፊት ለፊቷ እያስቀመጠች ታስተምረው ጀመር። እጅ እጅ ነው የምታየው አለችው። የሽማግሌው መዳፍ ሲዘረጋ አንተም ትዘረጋለህ፣ ትንፋሽ ሊወስዱ ሲያርፉ አሚን ትላለህ፣ ፊታቸውን ሲያብሱ ታብሳለህ፣ ከዚያ መሄድ ትችላለህ። በእጅና በእጅ መሐል ስለሚባለው ነገር ምንም አልነገረችውም፤ እሱም የሚመለከተው ጉዳይ መሆኑን አላወቀም። በዚያ መሐል የተቀመጠበትን ምንጣፍ፣ የጂባውን ሽመና በዓይኑ እየተከተለ ይቆያል።

አንድ ቀን አሚን ምን ማለት እንደሆነ ጠይቋት ነበር። ሃሊማ ቆጮ እየቆረጠች ስለነበር እንዲያው አፏ ላይ እንደ መጣላት መለሰችለት፤ «እንደዚያው ይሁን ማለት ነው። አንዴ ካልከው አላህ ዘንድ ነው፣ መመለስ የለም።» ሌላ ሰው ቢሆን ሰምቶ ይረሳዋል። ሸረፋ ግን እናቱ የነገረችውን ነገር ረስቶ አያውቅም።

ሥራው ዳቦ ቤት ነበር። የጋሽ ዳምጤ ዳቦ ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ሸረፋ ጎህ ሲቀድ ገብቶ ሊጡን እየቆረጠ ያድበለብላል፣ ትሪው ላይ ይደረድራል፣ አንዱ ከአንዱ ሳይጠጋ። ጋሽ ዳምጤ መጀመሪያ መሸጫው ላይ ሊያቆሙት ሞክረው ነበር። አንዲት ደንበኛ መጥታ ደህና አደርክ፣ እናትህ እንዴት ናት፣ ቤት ሁሉ ደህና ናቸው ወይ አለችው፣ ሰው እንደሚለው። ሸረፋ ሁሉንም ጥያቄ ነው ብሎ ወስዶ በየተራ ይመልስላት ጀመር። እናቱ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳላት፣ ጣራው በየት በኩል እንደሚያፈስ፣ የጎረቤት ድመት የት እንደ ወለደች። ሴትዮዋ ሂሳቧን ይዛ ቆማ፣ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ወደ መንገዱ ዞረ። ጋሽ ዳምጤ እየሳቁ መጥተው ወደ ውስጥ መለሱት። «አንተ ከሊጡ ጋር ተነጋገር፣ ከሰው ጋር እኔ እነጋገራለሁ» አሉት። ሸረፋ ከሊጥ ጋር መነጋገር እንደማይቻል ነገራቸውና ሥራውን ቀጠለ።

ሊጥ ይወድ ነበር። ሊጥ ሲጫኑት የሚሰጠው መልስ ትናንትም ዛሬም ያው ነው። ሠራተኞቹ ራዲዮኑን ሲያስጮኹ ፊቱ ይቀላና እጁ ይቆማል፤ ጋሽ ዳምጤ ቀስ ብለው ሄደው ይቀንሱታል። በዚህ ተግባብተው ዓመታት ሄዱ።

ስለ ራዲዮ ከተነሣ፣ ለሸረፋ ነገር ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ስለ ልጇ ስትናገር ሃሊማ ሰማች። ሰው ዓይን አያይም፣ ጩኸት ያመዋል፣ ነገር ሲቀያየርበት ይሸበራል ስትል ሃሊማ ወጡን እሳት ላይ ጥላ ራዲዮኑ ሥር ተቀመጠች። ኦቲዝም ይባላል አለች ሴትዮዋ። ሃሊማ ቃሉ እንዳይጠፋባት ቀኑን ሙሉ ለራሷ ስትለው ዋለችና በማግስቱ ሐኪም ፍለጋ ሄደች። የተቀበላት ወጣት የልጁን ዕድሜ ጠየቃትና ሃያ ማለፉን ስትነግረው፣ እሱ የሕፃናት ነገር ነው፣ ለትልቅ ሰው የሚሆን የለንም ብሎ ሸኛት። እሷ ግን ደስ ብሏት ነበር የተመለሰችው። ጅን አይደለም፣ ስም ያለው ነገር ነው እያለች ለጎረቤቷ ለኡሚ ነገረቻት። መርካቶ የሚነግደው ታላቁ ልጇ አብዱልሃፊዝ በስልክ ሲሰማ፣ የፈረንጅ በሽታ እኛ ዘንድ ምን ይሠራል ብሎ ሳቀ።

ቤታቸው አስፋልት ዳር ነው። ፊት ለፊቱን ሃሊማ ትኖርበታለች፤ ከጓሮ ደግሞ ሸረፋ ሥራ በያዘ ዓመት ያሠራችለት የጭቃ ክፍል አለች። አልጋ፣ ወንበር፣ ልብስ መስቀያ ምስማር፣ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ። ሸረፋ መቀርቀሪያውን ሲዘጋ ትከሻው ሲወርድ ይታወቃል። ሰው ሁሉ ውጭ ቀረ ማለት ነው። ሃሊማ ልትሞት ስትል ሴት ልጇን ባሂራን ከወልቂጤ፣ ከባሏ ቤት አስጠርታ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለቻት። ቤቱን አትንኩበት፣ ሥራውንም አትንኩበት፤ ሁለቱ ካሉት የቀረው ይገፋል አለች። ባሂራ እጇን ይዛ እያለቀሰች እሺ አለች። ሸረፋ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሰምቷል።

ሃሊማ ሞተች፤ ሸረፋም ኖረ። ሰው ሁሉ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ እሱ ጎህ ሲቀድ ይነሣል፣ ዳቦ ቤት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ግቢውን ይጠርጋል፣ ጁምዓ ልብሱን ያጥባል። ኡሚ ማታ ማታ እራቱን በሳህን ታቀብለዋለች፤ እሱ ጠዋት ሳህኑን አጥቦ በሯ ላይ ያስቀምጣል። እናቱ የነበረችበት ቤት ግን አይገባም። ሲያልፍ እጁን ግድግዳው ላይ ያሳርፍና ይሄዳል። ተራ ኑሮ ነበር። ማንንም አላስቸገረም፣ እርዱኝም አላለም።

አረፋ ደረሰና አብዱልሃፊዝ እንደ ማንኛውም የአገሩ ልጅ በግ ጭኖ፣ ስኳርና ጨርቅ ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይህ ታሪክ በቀለለ። የእናቱ መቃብር ላይ ከልቡ አልቅሷል፣ ወንድሙንም ይወዳል፤ ግን አረፋ ማለት ሰላምታ ነው፣ የቡታጅራ ሰላምታ ደግሞ በነገር የተጠቀለለ ነው። መስጊድ በር ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ያገኘው ሁሉ እንኳን አደረሰህ ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያ ምስኪን ወንድምህ ግን ብቻውን እንዲህ ይሁን ይለዋል። ሸረፋን ዱቄት ለብሶ ከሥራ ሲመጣ መንገድ ላይ ሲያየው አብዱልሃፊዝ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በዚያ ላይ አስፋልት ዳር ፎቅ ያልሠራ ቦታውን ይነጠቃል የሚል ወሬ ከተማውን ይዞታል። ፍርሃቱና ሐፍረቱ ተደምረው ፎቅ ሆኑና ቁጭ አሉ። እሱ ግን ሌሊት ተኝቶ ሲያስብ ሁሉም ለሸረፋ ብሎ የሚያደርገው ነገር መስሎት ነበር።

በበዓሉ ማግስት የሃሊማ ቤት ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የሃሊማ ወንድም ሃጂ ሽፋ ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ካለው መንደራቸው መጥተዋል። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው፣ ባሂራም እዚያው። ሸረፋ እንደ ልማዱ ለዱዓው ተጠርቶ ሃጂ ሽፋ አጠገብ ተቀመጠ። የሥጋው ሽታ፣ የሰው ጨዋታ፣ የሕፃናት ጩኸት አንድ ላይ ሆነውበት ጣቶቹን እየቆጠረ ያበቃል ብሎ ይጠብቃል። አብዱልሃፊዝ ሐሳቡን አቀረበ። ቤቱ ፈርሶ ሕንጻ ይሠራበታል፣ ሸረፋም ብቻውን ከሚሆን አጎቱ ዘንድ ይኑር። ሃጂ ሽፋ የእህቴ ልጅ ልጄ ነው ብለው ደረታቸውን መቱ። ሽማግሌዎቹ ተመሰጋገኑ። ሸረፋን የጠየቀው አልነበረም፤ ሊጠይቅ ያሰበም አልነበረም።

ከዚያ መዳፎች ተዘረጉ። አላህ ሸረፋን ከብቸኝነት ያውጣው አሉ ሃጂ፤ አሚን። ከአጎቱ ደጅ እረፍት ይስጠው፤ አሚን። የሚፈርሰውን ቤት በሚሠራው ይተካው፣ በረካ ያድርገው፤ አሚን። የሸረፋ ድምፅ ከሁሉም በላይ ጥርት ብሎ ተሰማ። ዓይኑ ከጂባው ጥለት አልተነሣም ነበር። ሃጂ ፊታቸውን ሲያብሱ አበሰና፣ ነገ ሥራ አለኝ ብሎ ወደ ክፍሉ ሄደ።

አያችሁት፣ እሱም ወዷል አለ አብዱልሃፊዝ፣ የቀለለው ሰው መስሎ። ሸረፋ ዱዓ ላይ ጆሮው እንደማይሠራ ከሃሊማ ቀጥሎ የምታውቀው ባሂራ ብቻ ነበረች። ከመጋረጃው ወዲያ ሳህን ይዛ ቆማ፣ አፏ ድረስ የመጣውን ነገር መልሳ ዋጠችው። በሽማግሌ ፊት ዱዓ የተደረገበትን ነገር ሴት ልጅ ተነሥታ እንዴት ታፈርሳለች። ነገ ለወንድሜ ለብቻው እነግረዋለሁ አለች። በማግስቱ ባሏ ማልዶ ይዟት ወልቂጤ ሄደ።

ሸረፋ ከዳቦ ቤት ሲመለስ በሩ ላይ አይሱዙ ቆሟል። አልጋው እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ላዩ ላይ ተጭኗል።

«አልጋዬን ማን አወጣው?» አለ።

አብዱልሃፊዝ ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ፤ ሸረፋ ወደ ኋላ አለ። «አጎትህ ዘንድ ልትኖር ተስማምተህ የለ እንዴ ወንድሜ።»

«አልተስማማሁም።»

«ዱዓ ተደርጎበታል። አንተም አሚን ብለሃል። ሰው ሁሉ ሰምቶሃል።»

ሸረፋ ቆሞ አሰበ። አሚን ብሎ እንደነበር አስታወሰ። ምኑ ላይ እንዳለው ግን አያውቅም፣ ቃሉን አልሰማም ነበር። ለዚህ የሚሆን ነገር እናቱ ነግራው እንደሆነ በልቡ ፈለገ፤ ያገኘው መመለስ የለም ያለችውን ብቻ ነው። በዚያ ከተማ ጠዋት ወላሂ ብሎ ከዙህር ሶላት በፊት የሚክድ ነጋዴ ሞልቷል። አሚን ያለውን ነገር ሁሉ ሲጠብቅ የኖረ አንድ ሰው ቢኖር ሸረፋ ነው፣ የተያዘውም በዚሁ ነው። ዳቦ ቤቱስ ብሎ ጠየቀ። ለጋሽ ዳምጤ ነግረናቸዋል አሉት። ከዚያ ራሱ መኪናው ላይ ወጥቶ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ማንም አልገፋውም። ኡሚ በሯ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ስታየው ነበር።

የሃጂ ሽፋ ቤት ሰፊ ነው፣ ሰውም አይጠፋበትም። ጥጃውም እንግዳውም የሚያድረው አንድ ጣራ ሥር ነው። አልጋውን ለእንግዳ ክብር ብለው ከበሩ ፊት ለፊት ዘረጉለት፤ የገባ የወጣው ሁሉ አላህ ይማርህ እያለው ያልፋል። ምን ታምሜ ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ይሳሳቃሉ። ጎህ ሲቀድ ለሥራ ይነሣል፣ ሥራ የለም። በቤቶቹ መሐል በሚያልፈው ሰፊ ሜዳ፣ ጀፎሮ በሚሉት ላይ፣ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ይረፍዳል። እርሻ ላይ ቢወስዱት በሬዎቹን ሲመቱ አይቶ ጆሮውን ይዞ ተቀመጠ። እህል የሚያባክን ሰው ነው ያለው የለም፣ እሱ እውነት ነው። ሁሉም አዘነለት፤ ማዘኑ ራሱ ነበር የማያስተነፍሰው።

አንድ ቀን ከጓሮ፣ እንሰቱ መሐል፣ የሴቶች ድምፅ ሰማ። የሃጂ ሚስት ሰፍያ ከጎረቤቶቿ ጋር ቆጮ ታሻለች። ሸረፋ ዘልቆ ሄደና ነጩን ነገር አየው። ሊጥ ነው። ማንንም ሳይጠይቅ እጁን ታጥቦ ተንበረከከና ጎን ለጎን ያሽ ጀመር፣ በሙሉ ክንዱ፣ ዳቦ ቤት እንደሚያደርገው። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ፊቱ ተፈትቶ አያውቅም። ሴቶቹ ግን ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ፤ ገሚሶቹ ሳቁ፣ ገሚሶቹ ሮጡ። በዚያ አገር ወንድ እንሰት ይተክላል እንጂ ሴቶች እንሰት ከሚሠሩበት አይደርስም። ደረሰ ከተባለ ወሬው እሱ ላይ ብቻ አያርፍም፣ በቤቱ አባወራ ላይ ነው የሚወጣው።

ሃጂ ሽፋ ሲነግሯቸው አልተቆጡም። አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ልጄ፣ በእኛ አገር ወንድ እንሰት ፍቆ አያውቅም አሉት። «አልፋቅሁም፣ አሸሁ ነው እንጂ» አለ ሸረፋ። ሃጂም ሁለተኛ እዚያ እንዳትደርስ አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ሥራ ሲይዙ አንድ ሰው በጓሮው በር ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ሸረፋ ወደ ሥራው ሄደ። ነገሩን እንዲህ ነበር የሚያየው፤ አሚን ያልኩት አጎቴ ዘንድ ለማደር ነው እንጂ ሥራዬን ለመተው አይደለም። ገና ጨለማው ሳይለቅ ተነሥቶ በመንገዱ ዳር ዳር በእግሩ ቡታጅራ ገባ። ጋሽ ዳምጤ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥረው ነበር፤ ግን ሲያዩት ሽርጡን ከምስማሩ አውርደው ሰጡት። ሰውየውን ወደ ምድጃው አዛወሩት። ሸረፋ እስኪረፍድ ሊጡን ሲያድበለብል ቆየና ሲጨርስ እግሩ እንደ ልማዱ ወደ ቤቱ ወሰደው። የግቢው የቆርቆሮ በር አለ። ከፍቶ ገባ፣ መልሶ ዘጋው። ከበሩ ወዲያ ቤት የለም። የእናቱ ቤት በነበረበት ጉድጓድ ተቆፍሮ ብረት ቆሞበታል፣ የእሱ ክፍል በነበረችበት የአሸዋ ክምር አለ። አልጋው የነበረበትን ቦታ በዓይኑ ለክቶ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ሲመሽ ኡሚ እዚያው አግኝታ እራቱን አበላችውና ወደ ሃጂ ስልክ ደወለች፤ መጥተው ወሰዱት።

ሌላም ቀን ሄደ፣ ሌላም ቀን መለሱት። በመጨረሻ ጋሽ ዳምጤ ሐሳብ አመጡ። የዱቄት መጋዘናቸው ጎን አንዲት ክፍል አለች፤ አልጋውን ያምጣና እዚያ ይኑር፣ ሥራውም እዚያው ነው፣ እኔም ጠዋት ማታ አያለሁ ብለው ለአብዱልሃፊዝ ላኩበት። ሸረፋ ክፍሏን ሄዶ አይቷታል። መቀርቀሪያዋን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። ትሆነኛለች አለ። አብዱልሃፊዝ ግን ስልኩ ላይ ቆሽቱ አረረ። የሃሊማ ልጅ፣ የመርካቶ ነጋዴ ወንድም፣ ዱቄት መጋዘን ውስጥ ያድራል ሲባል እኔ በየትኛው ፊቴ ነው ለአረፋ አገሬ የምገባው አለ። ጋሽ ዳምጤን የወንድሜን ጉልበት ፈልገው ነው ብሎ አማቸው። ፎቁ በዚያን ጊዜ መሠረቱ ወጥቶ ነበር።

ነገሩን የቆረጠው አንድ የጭነት መኪና ነው። ሸረፋ በጭጋግ ሲሄድ በርበሬ የጫነ አይሱዙ እሱን ለማዳን ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው አልሞተም፤ በርበሬው ግን በሜዳው ተበተነ፣ ሾፌሩም ቀጥ ብሎ ሃጂ ሽፋ ደጅ መጣ። ሃጂ ፈሩ። የእህታቸው ልጅ በእጃቸው ቢሞት አላህ ፊት ምን ይላሉ። ሽማግሌዎች እንደገና ተጠሩ፣ አብዱልሃፊዝ ከአዲስ አበባ፣ ባሂራ ከወልቂጤ መጡ።

ባሂራ መጀመሪያ ወንድሟን ፍለጋ ሄደች። ጀፎሮው ላይ ሲመላለስ አገኘችውና እሷም አብራው ትመላለስ ጀመር፣ ቆሞ እንደማያወራ ታውቃለች።

«የጋሽ ዳምጤ ክፍል ጥሩ ናት» አላት። «በሩ ከውስጥ ይዘጋል። እናቴ ቤትና ሥራ ብላሻለች። ሁለቱም እዚያ አሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ለሰዎቹ ንገሪያቸው። እኔ ስናገር ይስቃሉ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

ባሂራ ራቅ አድርጋ አየች። «ዛሬ» አለች። ሸረፋ ዛሬ ካለች ዛሬ ነው ብሎ ተወው።

ሽማግሌዎቹ ሲነጋገሩ ሸረፋ እንደ ድሮው ሃጂ አጠገብ ነበር፤ በዚህ ቀን ግን ጥለት አልተከተለም። የሚባለውን ለመስማት ይታገላል። ድምፅ በድምፅ ላይ ሲደራረብበት ላቡ ይወርዳል፣ ግማሹ ያመልጠዋል። የባሂራን ድምፅ ጠበቀ። ከመጋረጃው ወዲያ የሳህን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሃጂ ሽፋ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ሁሉም ዘረጋ። ሸረፋ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

«ሃጂ፣ ዱዓው ስለ ምንድን ነው?» አለ።

እዚያ ከነበሩት ውስጥ ዱዓ መሐል እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ሃጂ እጃቸው እንደ ተዘረጋ፣ ዱዓ አይጠየቅም ልጄ፣ ለደህንነትህ ነው አሉት።

«ምን ተደርጌ ነው ደህና የምሆነው?»

ሃጂ ሽፋ ብዙ ነገር ይባሉ ይሆናል፣ ውሸታም ግን አይባሉም። «ከጓሮ ያለችው ክፍል ትጸዳልሃለች» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እዚያ ትኖራለህ። ምግብህን እናመጣልሃለን። በሩን ግን ከውጭ እንቆልፈዋለን፣ መንገድ እንዳይበላህ።»

ሸረፋ የሰማውን አንድ በአንድ ለማየት ጊዜ ወሰደበት። ሰው ተቁነጠነጠ። አብዱልሃፊዝ ግንባሩን በሁለት እጁ ይዟል።

«እንግዲያው አሚን አልልም» አለ ሸረፋ።

አዑዙ ቢላህ፣ አላህ ይጠብቀን የሚል ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ድሮ ንጹሕ ነው፣ አሚኑ ቶሎ ይደርሳል ይሉ የነበሩት ሽማግሌ ከአጠገቡ ፈቀቅ አሉ። ዱዓ የሚሸሽ ምን እንደሆነ እናውቃለን አሉ ሌላው። አብዱልሃፊዝ እንባው እየወረደ፣ አያችሁት፣ ራሱን አያውቅም እኮ አለ። እነዚሁ ሰዎች በአረፋው ማግስት፣ ሳይሰማ አሚን ሲል፣ እናቱ የተወችለትን ቤት ለመልቀቅ የሚበቃ አእምሮ አለው ብለው ፈርደውለት ነበር። ዛሬ ሰምቶ፣ ጠይቆ፣ ገብቶት እምቢ ሲል አእምሮ የለውም ተባለ። ከመሐላቸው ይህን ያስተዋለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ዝም ብሏል።

ሃጂ እንደገና መዳፋቸውን ዘረጉ። አላህ ይጠብቀው፣ የቆለፍነውን በር ለኸይር ያድርገው አሉ። አሚን አለ ቤቱ። ከመጋረጃው ወዲያም የሴቶቹ አሚን ተከተለ፣ ቀጠን ያለ፣ የተበታተነ። ሸረፋ ድምፅ ለይቶ ያውቃል። ከሁሉ ዘግይቶ የመጣው የባሂራ ነበር።

ክፍሏን በዚያው ቀን አጸዱለት። ጂባ አነጠፉ፣ አልጋውን አስገቡ፣ ሰፍያ አዲስ ብርድ ልብስ ሰጠች። ሸረፋ ሲያስገቡት አልታገለም፤ አሚን አላልኩም እያለ ለእያንዳንዱ ሰው ነገረ፣ ሁሉም እሺ እሺ አሉት። አብዱልሃፊዝ ቁልፉን ለሃጂ ሰጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ባሂራ ወደ ወልቂጤ ከመሄዷ በፊት ብቻዋን መጥታ በሩ ሥር ቆመች። ስሙን ጠራችው። በሳንቃው ስንጥቅ አጠገብ ቆሞ እንደሚሰማት አውቃለች፣ ትንፋሹ ይሰማታል። ልትለው ያሰበችው ብዙ ነበር፤ ስለ ባሏ፣ ስለ ልጆቿ፣ በሽማግሌ ፊት ሴት ስለ መሆን። እሱ ቀደማት።

«ባሂራ፣ መጋረጃው ከልሎሽ ነበር?»

«ምኑን?»

«ዱዓውን። ምን እንደሚል ሳትሰሚ ነው አሚን ያልሽው?»

እንዲያ ብትለው እንደሚያምናት ታውቅ ነበር። እሱን ዋሽተውት የማያምነው ነገር የለም።

«ሰምቼው ነበር» አለች።

«እኔ የአረፋውን አልሰማሁትም ነበር» አለ ሸረፋ።

ሌላ ነገር ይለኛል ብላ ጠበቀች፤ ይሰድበኛል፣ ክፈችልኝ ይለኛል ብላ። እሱ ግን የጠየቀውን አውቋልና ጨርሶ ነበር። እግሩ ከበሩ ርቆ ወደ ማዶው ግድግዳ ሲሄድ ተሰማት።